ለጋሽ ታዴዎስ ያላደረስኩት ጥሪ

አሁን የምነግራችሁን ለባሌ አልነገርኩትም። ለልጄም አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ፊት በየጾሙ ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ስናዘዝ እንኳ ይችን አንዷን እየዘለልኩ ነው የምነሳው። ሰው ወሬኛ ይለኛል፤ አልዋሹም። እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ቤት እንደገዛ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች ከጆሮዬ አያመልጥም፤ ከጆሮዬ ደግሞ አፌ ሩቅ አይደለም። ይሄኛው ግን እኔው ጋ ቀረ። ሳልሸራርፍ ልበለው እንግዲህ፦ እኔ ዘውዲቱ፣ ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች ሳይነጋገሩ እንዲሞቱ አድርጌአለሁ። እኔ ነኝ ያደረግሁት። መጀመሪያ ዝም ብዬ፣ ቀጥሎ ደግሞ ዋሽቼ።

በዚያን ጊዜ የሆም ኬር፣ ማለት ሽማግሌና ሕመምተኛ በየቤቱ የመንከባከብ፣ ሥራ እሠራ ነበር። የቀጠረኝ ኤጀንሲ የላከኝ እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ፣ የፖቶማክን ወንዝ ከላይ ሆኖ የሚያሳይ አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን ወደሚኖሩ አንድ ፖላንዳዊ ሽማግሌ ቤት ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ስማቸውን እነሱ እንደሚጠሩት ለመጥራት ብሞክር ምላሴ እምቢ አለኝ። «እኛ ጋ ታዴዎስ የሚባል ሐዋርያ አለ፤ ያው የእርስዎ ስም ነው። ጋሽ ታዴዎስ ልበልዎት?» አልኳቸው። «ጋሽ ምንድነው?» አሉ። ለታላቅ ሰው የሚባል ነው ስላቸው ሳቁና «ክቡር ሚኒስትር ከመባል ይሻላል» ብለው ፈቀዱልኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ ላይ ከመኪናው መዓት ጋር ስጋፋ ቆይቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ እሳቸው ዘንድ እደርሳለሁ። ቁርስ አበላለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ጆሯቸው ከብዶ ስለነበር ስልክ የማነሳውም እኔ ነኝ። የተባለውን እሰማና፣ ትንሽ በሚሰማላቸው በቀኝ ጆሯቸው በኩል ጠጋ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ከውጭ ወደ እሳቸው የሚገባ ወሬ በሙሉ በእኔ አፍ በኩል ነበር የሚያልፈው። እንዲህ ያለ አደራ በማን እጅ እንደወደቀ አስቡት።

ሚኒስትር ያሉት ለቀልድ እንዳይመስላችሁ። የእውነት ሚኒስትር ነበሩ፤ አገር የሌለው መንግሥት ሚኒስትር። እግራቸውን ሳሻቸው፣ ጥፍራቸውን ስቆርጥላቸው ነው ቀስ በቀስ የነገሩኝ። ጦርነቱ ሲመጣ ጀርመን በአንድ በኩል፣ ሩሲያ በሌላ በኩል ገብተው አገራቸውን እንደ ዳቦ ለሁለት ቆረሷት። እሳቸው ያኔ ጢማቸው ገና መብቀሉ ነው። በበረዶ ተራራ ተሻግረው፣ ከአገር አገር እየተሹለከለኩ ለንደን ገቡ። እዚያ የፖላንድ መንግሥት ተሰዶ ተቀምጧል። ጦርነቱ ሲያልቅ ሌላው ሁሉ እየዘፈነ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የእነሱ አገር ግን ከአንዱ እጅ ወጥታ ሌላው እጅ ገባች። ትናንት አብረዋቸው የተዋጉት ትልልቆቹ መንግሥታት ደግሞ «እናንተን አናውቃችሁም» አሏቸው።

ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ይበተን ነበር። እነሱ አልተበተኑም። ቀን ቀን ሳህን ያጥባሉ፣ ሱቅ ይጠብቃሉ፤ ሥራ ሲወጡ ክራቫታቸውን አስረው አንድ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ከበው እንደ መንግሥት ይሰበሰባሉ። «እኔ ሚኒስትር በሆንኩበት ቀን ጠዋት ሆቴል ውስጥ ሹካና ማንኪያ ስወለውል ነበር» ይሉኛል እየሳቁ። በኋላ ወደ ዋሽንግተን ላኳቸው። እዚህ ሥራቸው በር ማንኳኳት ነው። ጫማቸውን አስወልውለው ኮንግሬሱ ውስጥ በየኮሪደሩ ይቀመጣሉ። «ፖላንድ ነጻ አይደለችም፤ አትርሱን» ይላሉ። ይሰሟቸዋል፣ ቡና ይሰጧቸዋል፣ እስከ በር ይሸኟቸዋል። በሌላ ሳምንት ደግሞ ተመልሰው ያንኑ ይላሉ። ዕድሜያቸው በዚህ አለቀ። ዜግነት ውሰድ ሲሏቸው «አገር አለኝ» ብለው እምቢ አሉ፤ ያን ሁሉ ዘመን በስደተኛ ወረቀት ኖሩ። እኔ ግሪን ካርዴ በፖስታ የመጣ ቀን እልልታዬን ከታች ፎቅ ያለ ሰው ሰምቶታል። እና እኝህን ሰው እንዴት አላከብራቸው? እወዳቸው ነበር። ይሄን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የበደልኩት የምወደውን ሰው መሆኑን እንድታውቁ ነው።

ታናሽ ወንድም ነበራቸው፣ ሄንሪክ የሚባል። አብረው አድገው፣ በአንድ አልጋ ተኝተው፣ እሳቸው ሲሰደዱ እሱ ቀረ። ኮሚኒስቶቹ ሲመጡ ከእነሱ ጋር ሆነ፤ ወንበርም ሰጡት። አንድ ቀን ደግሞ በአገሪቱ ራዲዮ ቀርቦ ወንድሙን በስም ጠርቶ አገሩን የሸጠ ከሃዲ ነው አለ። ጋሽ ታዴዎስ ለንደን ሆነው በገዛ ጆሯቸው ሰሙት። ከዚያ ቀን ወዲህ በሁለቱ መካከል አንዲት ቃል አላለፈችም።

አገራቸው በመጨረሻ ነጻ ስትወጣ ጋሽ ታዴዎስ አርጅተው ነበር። ጠሯቸው፣ ሄዱ። አበባ፣ የሰልፍ ሙዚቃ፣ ሜዳሊያ፣ ሁሉም ነበር። ሊመለሱ ሲሉ ታክሲ ይዘው ሄንሪክ ሰፈር ሄዱ። ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። መስኮቱ ላይ መብራት አለ፤ የአንድ ሽማግሌ ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል። እግራቸው እስኪደነዝዝ ቆመው ሳያንኳኩ ተመለሱ። «ምን ነካዎት? እዚያ ድረስ ሄደው?» አልኳቸው ተናድጄ። «ዘውዲቱ፣ እሱ ዓለም እየሰማው ከሃዲ ብሎኛል። እኔ ይቅርታ በል አልለውም። አንድ ቃል ብቻ ነው የምጠብቀው። ና ይበለኝ። ና ካለኝ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» አሉኝ። ይሄን አንድ ጊዜ አይደለም ያሉኝ፤ ብዙ ጊዜ ነው። አገራቸው ነጻ ወጥታለች፣ ሌላ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም። የቀረቻቸው ይች የወንድማቸው ቃል ብቻ ናት። ይሄን ደግሞ ከሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ይሄን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

በረዶው ቀልጦ ባላለቀበት ወቅት ልባቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገቡ። ሲወጡ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ «ልባቸው ደክሟል፤ እንዳይደነግጡ ጠብቂያቸው» አለኝ። ቤት ከገቡ ጥቂት ቀን እንደሆናቸው፣ ከምሳ በኋላ ሸለብ ባደረጋቸው ሰዓት ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። የሴት ድምፅ ነው፣ ከሩቅ።

«አና እባላለሁ። የሄንሪክ ልጅ ነኝ» አለችኝ። እንግሊዝኛዋ ከእኔም የባሰ ነው፤ ግን ቃል በቃል እያረፈች ነው የምትናገረው። አባቷ ታሟል፤ ሐኪሞቹ ቤት ወስዳችሁ አስታምሙት ብለዋል። ወንድሙን እየጠራ ነው። «ና ብሎሃል በይልኝ ብሏል። መምጣት ካልቻለ ድምፁን ያሰማኝ ብሏል። ጥፋቱ የእኔ ነው ብሏል በይልኝ» አለችኝና አለቀሰች። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ አልኳት። እንግሊዝኛው አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ጥርት ብሎ ገብቶኛል። ዛሬም ከእነለቅሶዋ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስልኩን ዘጋሁ። ጋሽ ታዴዎስ ነቁ። አልነገርኳቸውም።

ለምን? ጥሩውን ምክንያት መጀመሪያ ልስጣችሁ፤ ለራሴም ለብዙ ዓመት የሰጠሁት እሱን ነው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም፤ በስልክማ ጭራሽ። ሰው ይሰበሰባል፣ ቀስ ተብሎ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። የእናቴን ሞት የነገረኝ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ሱፐርማርኬት ስሠራ፣ ብሬክ ላይ እያለሁ ኮል አድርጎ «እናትሽ አርፋለች፣ እንግዲህ ጠንከር በይ» አለኝ። ከእነ ስልኬ ተዘርሬ ወደቅሁ። ያቃኑኝ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ያን ቀን፣ እኔ በሕይወቴ ማንንም እንዲህ አላረዳም ብዬ ምያለሁ። እና አሁን ልቡ የደከመ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ምን ላድርግ? የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው የሆኑ ሚስስ ዋንዳ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይጠይቋቸዋል። እሑድ እሳቸው ሲመጡ አብረን እንነግራቸዋለን አልኩ። እስከዚያ ጉልበታቸውም ይመለሳል አልኩ።

ሲሰሙት ያምራል አይደል? ደግ ሴት ትመስላለች። ግን መርዶ የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። ሄንሪክ መቼ ሞተ? እየተነፈሰ፣ እየተጣራ ነበር እኮ። የአንዱን ሕያው ሰው ጥሪ ለሌላው ሕያው ሰው ለማድረስ ምን መሰብሰብ ያስፈልጋል? ይሄ ሳይገባኝ ቀርቶ ነው? ገብቶኛል።

እውነቱን ከፈለጋችሁ እውነቱ ይሄ ነው። አባቴን በደርግ ጊዜ ሲወስዱት የገዛ ወንድሙ ቀበሌ ውስጥ ወንበር ነበረው። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በደጃችን ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነበር የሚያልፈው። አባቴ ከእስር ተፈትቶ ብዙም አልቆየ፤ ሲሞት አጎቴ ለቅሶው ላይ ከሁሉ ፊት ተቀምጦ ደረቱን ደቃ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ግን ያን ቀን ሆዴ ውስጥ የገባው ነገር አልወጣም። እና አና ስታለቅስብኝ ያስደወለው ሄንሪክ አልመሰለኝም። አጎቴ መሰለኝ። ዕድሜውን ሙሉ አስጠብቆ ሊሞት ሲል ነው የጠራው? እሱም ትንሽ ይጠብቅ፤ እሱም ይቅመሳት አልኩ። በልቤ ያልኩት ቃል በቃል ይሄ ነው። ሁለቱን ማን አደራ ሰጠኝ? በእነሱ ጠብ ውስጥ እኔን ማን ዳኛ አድርጎ ሾመኝ? እኔ እግር አጣቢያቸው፣ በሁለት መንግሥታት መካከል ገብቼ ፈረድኩ።

አና እንደገና ደወለች። ጋሽ ታዴዎስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሾርባቸውን እየጠጡ ነበር። «ነገርሽው?» አለችኝ። «ተኝተዋል» አልኳት፤ ከእሳቸው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየን። ስዘጋው «ማን ነው?» አሉኝ። «የመኪና ዋስትና የሚሸጡ ናቸው» አልኳቸው። «እኔ እኮ መኪና የለኝም፤ አሁንም አልተውኝም?» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬአቸው ሳቅሁ። ይችን ሳቅ ምን ብዬ እንደምናዘዛት አላውቅም።

እሑድ ሳይደርስ አና ለመጨረሻ ጊዜ ደወለች። አባቷ ሞቷል። ይደውልልኛል ብሎ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሞተው። አሁን አታለቅስም፤ ድምፅዋ ደርቋል። «ነግረሽው ነበር?» አለችኝ። አልነገርኩም ብል ምን ይመጣል? ኤጀንሲው ይሰማል፣ ጋሽ ታዴዎስ ይሰማሉ፣ ሁሉም ሰው ይሰማል። ፈራሁ። «አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት። «ምን አለ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል «ገባኝ» ብላ ዘጋችው። የገባት እምቢ ብለዋል የሚለው፣ እኔ ያልተናገርኩት ውሸት ነው። አላረምኳትም።

አሁንማ እውነተኛ መርዶ ሆነ፤ መርዶ ደግሞ አውቅበታለሁ። ስፕሪንግፊልድ ላለችው ለአስካለ ደወልኩላት፤ የማኅበራችን እናት ናት። «የማስታምማቸው ሽማግሌ ወንድማቸው ሞቶባቸዋል፤ ሰው የላቸውም» አልኳት። ሌላ አልነገርኳትም። አስካለ አንዲት ቃል አልጠየቀችኝም። በማግስቱ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ሁለት የማኅበር ሴቶች አስከትላ አሌክሳንድሪያ ደረሰች። ሦስቱም ከዚያ በቀጥታ ሥራ የሚገቡ ናቸው። ለማያውቁት ፈረንጅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሚስስ ዋንዳንም ጠርቻቸዋለሁ፤ ግራ ገብቷቸው ካፖርታቸውን እንደደረቡ ደረሱ። ታች የሚቀመጠው ዘበኛ ምን ጉድ ነው ብሎ እያየን ሊፍቱን ተሳፈርን።

ጋሽ ታዴዎስ ነቅተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ የለበሱ ሴቶች ተሰልፈው ሲገቡ አዩንና «ዘውዲቱ፣ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ፣ በቀኝ ጆሯቸው ነገርኳቸው። አልጮኹም፤ አላለቀሱም። ሚስስ ዋንዳ አማተቡ። አስካለ ግን አልቻለችም፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ታዴዎስ ገርሟቸው አዩዋት። «ሄንሪክን ታውቀዋለች?» አሉኝ። አታውቀውም አልኳቸው። «ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?» አሉ። «ለእርስዎ ነው» አልኳቸው። ብድግ ለማለት ሞከሩ፤ አቅቷቸው እንደተቀመጡ የአስካለን እጅ ስበው ሳሙት። እነሱ ሴትን የሚያከብሩት እንዲያ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ነው?» አሉኝ። ትናንት አልኳቸው። «ማን ነገረሽ?» አሉ። «ልጁ አና ደወለች» አልኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደሚያፍር ሰው፣ «ምንም አላለም? አልጠራኝም?» አሉ።

ሁሉም እያየኝ ነው። አስካለ እያየችኝ ነው፤ ሚስስ ዋንዳ እያዩኝ ነው። አዎ ብል፣ መቼ? ይሉኛል። መቼ እንደሆነ ስናገር፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ይሉኛል። እነዚህን ደጋግ ሴቶች ከየቤታቸው ጠርቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ፊታቸው እንዴት ልዋረድ? «ኖ» አልኳቸው። በቀኝ ጆሯቸው፣ በደንብ እንዲሰሙ። «ምንም አላሉም» ብዬ ጨመርኩበት።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደዚያ ነው ብዬ ነበር። ግትር ነበር፤ እኔም ግትር ነኝ» አሉና፣ እንግዶቹ ቁርስ ሳይበሉ እንዳይሄዱ አዘዙኝ።

ለቀብር መሄድ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ስለ ለንደን አወሩኝ፣ ስለ ሚስታቸው አወሩኝ፣ ስለዚያ ሁሉ ኮሪደር አወሩኝ፤ ሄንሪክን ግን አላነሱትም። አንዳንዴ ስልክ ሲጮህ ቀና ይላሉ፤ ወዲያው ይተውታል። ይሄን እያየሁ ምሳ እሠራለሁ። ይሄን እያየሁ ቤቴ ገብቼ ከባሌና ከልጄ ጋር ተጫውቼ እተኛለሁ። ሰው እንዲህ መኖር ይችላል? ይችላል። እኔ ቻልኩ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ልባቸው ጨርሶ ደከመ። ሆስፒታል ተኝተው ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩላቸው ሳለ ዓይናቸውን ገለጡ። «ዘውዲቱ፣ አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» አሉኝ። ከዚያ «እርግጠኛ ነሽ? ሄንሪክ ምንም አላለም?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አስካለ የለችም፣ ሚስስ ዋንዳ የሉም፣ ኤጀንሲ የለም። እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶኛል፤ ለስንት ሰው ይሰጣል? አዎ ብዬ አንዲት ቃል ብል ሰውየው ደስ ብሏቸው ይሞቱ ነበር። እኔን ይጠሉኝ ይሆናል፤ ቢጠሉኝስ ምን ነበረበት? ግን ጥሩ ሰው ነሽ ብለውኛል። በእሳቸው ዓይን ጥሩ ሰው ሆኜ መቅረት አማረኝ። ለዚች ስል «ምንም አላሉም፣ ጋሽ ታዴዎስ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወዲያ እኔን ያናገሩኝ ነገር የለም፤ በማግስቱ አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ቀይና ነጭ ባንዲራቸውን ሬሳ ሳጥኑ ላይ አለበሱት። ብዙ ተናጋሪ ተነሳ፤ ለአገራቸው ነጻነት ዕድሜያቸውን የሰጡ ተባለ፣ እውነት ነው። ከቤተሰብ የመጣ ሰው ስላልነበረ ለቤተሰብ በተለየው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሰዉ ተሰልፎ እኔን ጨበጠኝ፣ እኔን አጽናናኝ። አስካለና የማኅበራችን ሰዎች ደግሞ ከጀርመንታውን፣ ከፌርፋክስ ድረስ ምግብ ይዘው ቤቴ መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የሰውን ማጽናኛ ተቀበልኩ፤ ያመጡትንም በላሁ።

ዓመታት አለፉ። ሥራውን ትቼዋለሁ፤ አሁን የልጄን ልጆች ነው የምጠብቀው። በቅርቡ ሚስስ ዋንዳ ደወሉልኝ፤ በጣም አርጅተዋል፣ ግን አልረሱኝም። የጋሽ ታዴዎስ የትውልድ ከተማ ሰዎች አንድ ትምህርት ቤት በስማቸው ሊሰይሙ አስበው፣ ከዘመድ የቀረችው አና ብቻ ስለሆነች እሷን ጠይቀዋት ነበር። አና እምቢ አለች። አባቷ ስልክ ደረቱ ላይ አድርጎ ሲጠብቀው አንዲት ቃል የነፈገውን ሰው ስም ልጆች በየቀኑ ሲጠሩት መስማት አልችልም አለች። ነገሩ ቆመ። ሚስስ ዋንዳ ይሄን ነግረውኝ «እሱ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፤ ነበር እንዴ? አንቺ ነበርሽ እኮ፣ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «መኪና እየነዳሁ ነው፣ መልሼ ልደውልልዎት» አልኳቸው። ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ያን ዕለት ነው ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየኝ። ሁለቱ ሞተዋል፣ አፈር ሆነዋል፣ አሁን ምን ያደርጋል እያልኩ ነበር የኖርኩት። ለካ ውሸቴ አልሞተም። ባሕር ማዶ ሄዶ፣ ለዚያች አገር የኖረን ሰው በዚያችው አገር ጨካኝ ብሎ እያስጠራቸው ነው። ወንድማቸው አንድ ጊዜ በራዲዮ ከሃዲ አላቸው፤ መልሶ ግን ተጸጸተ። እኔ ደግሞ ማንም ሳይሰማኝ ስማቸውን አጠፋሁት፤ እስከዛሬም አልመለስኩላቸውም።

ባህላችን ነው ብዬ ልሸፈንበት እችል ነበር። አልሸፈንም። መርዶን አባቶቻችን የሠሩት ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይወድቅ ነው፤ እኔ ነኝ ሽማግሌውን ሰው መሀል ብቻቸውን የጣልኳቸው። አጎቴም ምክንያት አይሆነኝም፤ የሄንሪክ ደጅ ከአጎቴ ደጅ ጋር ምን አገናኘው? ሐኪሙም አትንገሪያቸው አላለኝም። እያንዳንዷን ነገር እያወቅሁ፣ እየሰማሁ፣ በገዛ አፌ ነው ያደረግሁት።

ዛሬ ጠዋት ለሚስስ ዋንዳ ደውዬ የአናን ቁጥር ተቀብያለሁ። ነገ እደውልላታለሁ። ነግሬያቸዋለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ አጎትሽ እስኪሞቱ ድረስ አልሰሙም፤ ቢሰሙ ኖሮ ይመጡ ነበር እላታለሁ። ትጮህብኝ ይሆናል። ትዘጋብኝም ይሆናል። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ ቢደፍርም አልላትም፤ ይሄን ሁሉ አሸክሜያት ሳበቃ እኔን ማጽናናት ደግሞ በምን ዕዳዋ? እናንተንም ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ግን ከአና በፊት ሊነገራቸው የሚገባ ሰው አሉ። ጋሽ ታዴዎስ፣ ወንድምዎ ጠርተውዎት ነበር። ና በይልኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በይልኝ ብለው ልከውብኝ ነበር። ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ።